አባቴን የቀበሩበት ግጥም

ያን ጊዜ እኔ በከተማው የታወቅሁ የሀገር ገጣሚ ነበርኩ። አትሳቁ። አዳማ ውስጥ አዳራሽ ሲመረቅ፣ ትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ሲያዘጋጅ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ሰብስቦ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሲያከብር የሚደወለው ለእኔ ነበር። ቀን ቀን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት እሸጣለሁ፤ ሲጠሩኝ ደግሞ የሀገር ልብሴን ለብሼ መድረክ ላይ ወጥቼ «ሀገሬ!» ብዬ ድምፄን ስለቅቀው፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ኃላፊዎች ሳይቀሩ ያጨበጭባሉ። ጭብጨባው ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

አባቴ ግን አንድም ቀን አጨብጭቦልኝ አያውቅም። መምህር ንጉሤ ይባላል። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ቡልጋ ተወልዶ ገና ጢሙ ሳይበቅል መቂ ተመድቦ መጣ፤ ከዚያ አርሲ ነገሌ፣ ከዚያ መርቲ ወረዳ አቦምሳ፣ በመጨረሻ አዳማ፤ ከስምጥ ሸለቆው ሳይወጣ አረጀ። ነገሌ እያለ እናቴን አገባ። እናቴ ዲንቄ የነገሌ ኦሮሞ ናት። ለእኔ ኩለኒ ብሎ የኦሮምኛ ስም ያወጣልኝ የቡልጋው ሰው ነው፤ እናቴማ ሰናይት ልትለኝ ፈልጋ ነበር አሉ።

መድረክ ላይ አንብቤ ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። «እና ዛሬስ የትኛዋ ሀገር ነበረች?» ይለኛል።

«እንዴት የትኛዋ? ሀገራችን ናት እንጂ!»

«አንድ የወንዝ ስም ጠራሽ? አንድ የመንደር ስም? ያቺ ግጥምሽ ላይ ያለችው ሀገር ካርታ ላይ የለችም እኮ፣ ልጄ።»

እበሳጫለሁ። እሱም ግጥም ይጽፋል፤ ለማንም ግን አያነብም። ሲጽፍ ስለ አዋሽ ነው፣ ስለ ቆቃ ዳር አሳ አስጋሪዎች ነው፣ በመጋቢት ነፋስ ስለሚነሣው የአዳማ አቧራ ነው። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ አቧራ ላይ ምን ግጥም ይጻፋል እል ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስኳር በሽታው ዓይኑን አደከመው። መጻፍ ሲያቅተው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጠራኝና «ስልክሽን አውጪ፣ ልንገርሽ፣ ጻፊ» አለኝ። ረጅም ግጥም ነበር፤ ስለ ሸለቆው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ትንኙ፣ ስለ እናቴ። እየነገረኝ፣ እየመለሰ እያሰረዘኝ፣ ምሳ እስኪደርስ ጻፍኩ። ስንጨርስ እንዲህ አለኝ፦

«አምሳ ዓመት ሙሉ አገርህ የት ነው ተብያለሁ። ቡልጋ ስሄድ የቆላው ሰው መጣ ይሉኛል። እዚህ ስመለስ ከየት ነህ ይሉኛል። ለማንም መልሼ አላውቅም፤ ስቄ ነው የማልፈው። መልሱ ይኸውልሽ። ቀብሬ ላይ አንብቢልኝ፣ አፈር ሳይጫነኝ። ሙሉውን ነው ታዲያ። አንድ ስንኝ እንዳትቀንሺ።»

«ኧረ በሕግ! አሁን ምን ሞት ሞት አስባለህ?»

«ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁለት።

የሞተው በዓመቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀብሩ አርብ በሰባት ሰዓት ተባለ። በጠዋቱ ድንኳን ተጣለ፣ የእድር ወንበር ተደረደረ። እኔ ዕንባዬን ዋጥ አድርጌ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግጥሙ ይነበብ። ሌላው ሁሉ በእድር ይሠራል። ያ የእኔ ሥራ ነው።

የእድራችን ጸሐፊ አቶ ታፈሰ የሕይወት ታሪኩን ሊጽፉ አጠገቤ ተቀመጡ። ጡረተኛ ናቸው፤ በሰፈራችን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪክ የሚጽፉትም፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆመው በሜጋፎን የሚያነቡትም እሳቸው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ሙሉ በሙሉ እንዳትፈርዱባቸው ነው።

የጻፉትን ሲያነቡልኝ አንድ ነገር ገረመኝ። «መምህር ንጉሤ ወደ ከተማችን ተዛውረው፣ በከተማችን ልጆች አስተምረው፣ በከተማችን ጡረታ ወጥተው...»

«አቶ ታፈሰ፣ የከተማው ስም የለም እኮ።»

«አውቄ ነው» አሉ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «አዳማ ስል በቀኝ ያለው ያኮርፋል። ናዝሬት ስል በግራ ያለው ያኮርፋል። ከተማችን ስል ሁሉም ያለቅሳል። የእኔ ልጅ፣ የሰው ቀብር ላይ ጠብ እንዳይነሣ ስንቱን ነገር ነው የምንሸሽ መሰለሽ!»

ግጥሙን አሳየኋቸው። ስልኬን ከዓይናቸው አርቀው፣ መልሰው አቅርበው፣ እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ግሩም ነው» አሉ። ከዚያ ቆይተው፣ «ግን ቀብር ላይ?»

«እሱ ያለው ቀብር ላይ ነው። ቃል ገብቻለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ታሪኩን ስጨርስ ሜጋፎኑን ላንቺ እሰጥሻለሁ።»

አመሰገንኳቸው። ያን ጊዜ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሦስት ሰዓት ገደማ የአባቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ደምሴ ከቡልጋ በሚኒባስ ሙሉ ዘመድ ይዘው ደረሱ። ወንድሜ፣ ወንድሜ እያሉ ገቡ። ሲያለቅሱ ሁሉ ቀኝ እጃቸው ላይ ያለችውን ጥቁር ፌስታል አልለቀቁም። የአባቴ ወገኖች ልማድ አላቸው፤ ሰው ከትውልድ ቀዬው ርቆ ሲሞት ከተጠመቀበት ደብር አፈር ቆንጥረው ያመጡና መቃብሩ ላይ ይበትኑለታል። ፌስታሉ ውስጥ ያለው እሱ ነበር። አባቴ ይህ ልማድ እንደሚመጣበት ያውቃል፤ የአክስቱ ልጅ ዋንጂ ሲቀበር በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ ነው ግጥሙ ላይ እንዲህ ያለው፦

አፈር አታምጡልኝ ከደጋ ተጭኖ፣
ነፋሱ ያልብሰኝ አቧራውን በትኖ።
እዚያ የተወለድኩት አንዴ ነው፣ ሳላውቀው፤
እዚህ ነው በየቀን የተወለድኩት ሰው።

እኔ ሞኟ ያን ሰዓት ፌስታሉንና ግጥሙን አላገናኘሁም። አጎቴ ለቅሶው በረድ ሲልላቸው «ወንድሜ ምን ብሎ ሞተ?» ብለው ጠየቁኝ። «ግጥም ትቷል» አልኩ ኮራ ብዬ። «አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው።

እዚያ ስንኝ ላይ ስደርስ ፊታቸው ጠቆረ።

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

«አባታችንን የቀበርኩ እኔ» አሉ ቀስ ብለው። «እናታችንን የቀበርኩ እኔ። ያንን ድንጋያም መሬት ከነክርክሩ ይዤ የቀረሁ እኔ። እሱ ሰላምታ ይልክ ነበር፣ ተመስገን ነው። አሁን ሞቶ እንኳ፣ በሰው ፊት፣ አፈርህን አልፈልግም ይለኛል? በሌሊት ደብሩ ደጅ ተንበርክኬ በእጄ የቆነጠርኩትን?»

ፌስታሉን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። አሳዘኑኝ፤ እውነቴን ነው።

«አጎቴ፣ እርስዎን ሊያስቀይም ብሎ አይደለም።»

«ያቺን ስንኝ አውጫት። ሌላው ሸጋ ነው። በተለይ ያቺ ሸለቆው የእኔ ነው የምትለዋ! እሷን ጮክ ብለሽ አንብቢያት። ይስሙ!»

ማን እንዲሰማ እንደፈለጉ አልጠየቅኋቸውም። ምክንያቱም በዚያው ሰዓት ኤሱማ ደረሰ። ኤሱማ የምንለው የእናቴን ወንድም ገመቹን ነው፤ በኦሮምኛ የእናት ወንድም እንዲህ ይባላል። አርሲ ነገሌ እህል ይነግዳል። ልጅ ሳለሁ ክረምት ክረምት እሱ ቤት ነበር የምከርመው፤ ስለዚህ እንደ አባቴ አንተ ነው የምለው። አባቴን እንደ ታላቅ ወንድሙ ይወደው ነበር፤ ፊደል ያስቆጠረው አባቴ ነው። ገብቶ አስከሬኑ እግር ሥር ተደፍቶ አለቀሰ። ሲወጣ የዘመድ ልጆች ስለ ግጥሙ ነገሩት። እኔም አነበብኩለት።

የአፈሯ ስንኝ ላይ ራሱን ነቀነቀ። «ወንድ!» አለ። «ንጉሤ ወንድ ነው። የኛ ሰው ነው።» ቀጠልኩ፦

እንግዳ አትበሉኝ፤ ሸለቆው የእኔ ነው፣
ዕድሜዬን ቆርሼ ያበላሁት እኔው።
ከመቂ እስከ መርቲ ያስተማርኳችሁ ሁሉ፣
የማን ነው ሲሏችሁ፣ የእኛ ነው በሉ።

ኤሱማ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ያቺን የእኔ ነው የምትለዋን ተያት።»

«ኤሱማ! አሁን ወንድ ነው ስትል አልነበር?»

«ስሚኝ። አባቴ ጭሰኛ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰው በበቅሎ መጥቶ እርሻችን መሃል ቆመና ይህ የእኔ ነው አለ። ልጅ ነበርኩ፣ የአባቴን ፊት አይቼዋለሁ። ያን ቃል ሁለተኛ እንድሰማው አልፈልግም። ከንጉሤ አፍ ደግሞ በጭራሽ።»

«አባዬ በበቅሎ መጣ እንዴ? ይዞት የመጣው ጠመኔ ነው!»

«እኔ አውቃለሁ። ከነገሌ አብረውኝ የመጡት ልጆች ግን አያውቁም። ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ፤ ያቺን አንድ ስንኝ ቆርጠው ይለጥፏታል። ነገ እናትሽን ምን ሊሏት ነው? እህቴ ናት፣ እኔን ያሳስበኛል።»

እንግዲህ ተመልከቱልኝ። አንዱ የሚወደውን አንዱ ይጠላል፣ አንዱ የሚጠላውን አንዱ ይወዳል። ሁለቱንም ብሰማ የሚተርፈኝ ስለ ሙቀቱና ስለ ትንኙ ያለው ነው። አባቴ አምሳ ዓመት የያዘውን መልስ፣ ስለ ትንኝ ብቻ አድርጌ ላነብለት ነው!

ነገሩ እንዳይሰፋ ብዬ ሁለቱን ከድንኳኑ ጀርባ፣ የውሃ ታንከሩ ጋ ወሰድኳቸው። ባላደርገው ይሻል ነበር።

«የእህቴ ልጅ ቃል ገብታለች፣ ይገባኛል» አለ ኤሱማ። «እኔ የምለው አንዲት ስንኝ ብቻ ትቅር ነው።»

«የትኛዋ?» አሉ አጎቴ ደምሴ።

«የእኔ ነው የምትለዋ።»

«እንዴ! የማን ሊሆን ኖሯል? አምሳ ዓመት የኖረበት፣ ልጅ የወለደበት! እንግዳ ነው ልትለኝ ነው?»

«እኔ እንግዳ አልኩት? እህቴን የዳርንለት ሰው ነው! አንተ አይደለህ እንዴ እንግዳ የምታደርገው? አፈር ተሸክመህ የመጣኸው እዚህ አፈር የለም ብለህ ነው?»

«የተጠመቀበት ነው! ወግ ነው!»

«አልፈልግም ብሏላ! በገዛ አፉ!»

ድምፃቸው ከፍ አለ። የቡልጋዎቹ ጎልማሶች ከወንበራቸው ተነሡ፣ የነገሌዎቹም ተነሡ። በእነዚህ ዓመታት ስንት ነገር አይተናል፤ ጠብ ከየት እንደሚነሣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ አላብራራም። ያን ጊዜ እናቴ በጓሮ በር ወጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በሁለት ሴቶች ተደግፋ። ማንንም አልተቆጣችም።

«ሰውየው ገና ቤት ውስጥ ነው» አለች። «እንዲህ እየተጯጯኻችሁ አትሸኙብኝ።»

ሁሉም አቀረቀረ። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። ማቀርቀሩን አልቻልኩበትም።

«አንድ ስንኝ አይወጣም!» አልኩ። «ወይ ሙሉው ይነበባል፣ ወይ ምንም አይነበብም!»

ያን ያልኩት ሁለቱም ሙሉው ይነበብ እንዲሉኝ ነው። የአባታቸውን ልጅ፣ የእህታቸውን ባል ዝም አሰኝተው ለመቅበር ማን ደፍሮ እሺ ይላል ብዬ ነው።

«ምንም አይነበብ» አሉ አጎቴ ደምሴ።

«ምንም አይነበብ» አለ ኤሱማ።

ጠዋቱን ሙሉ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነበር። ተጨባብጠው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። እኔ ታንከሩን ተደግፌ ቀረሁ።

ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። ሜጋፎኑ ያለው አቶ ታፈሰ እጅ ነው። ሄጄ በጆሯቸው፣ «ምንም ቢሉ አነበዋለሁ። ቃል ገብተውልኛል» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። ሲሉ ግን አላዩኝም፤ ወረቀታቸውን እያጠፉ ነበር። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አስከሬኑ ወጣ። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ነው የሄድነው። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ያ ነፋስ ደግሞ ተነሥቶ የሰዉን ጥላ ይገለብጣል። ባጃጆች ዳር ይዘው ቆሙ። የቀድሞ ተማሪዎቹ ከመቂም፣ ከአቦምሳም መጥተው ኖሯል፣ ሸምገል ያሉ ሰዎች፣ ተራ በተራ ሣጥኑን ይሸከማሉ። እነሱን ሳይ ተበረታታሁ። ያስተማርኳችሁ ሁሉ ያለው እነዚህን ነው። እነዚህ ይሰሙታል። ስልኬን ከፍቼ ግጥሙን አውጥቼ ያዝኩ፤ እንዳይጠፋብኝ በየደቂቃው በጣቴ እነካዋለሁ።

ፍትሐቱ አለቀ። አቶ ታፈሰ ጉድጓዱ ራስጌ ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ የሕይወት ታሪኩን ጀመሩ። ከአባታቸውና ከእናታቸው ተወለዱ። ወደ ከተማችን መጡ። በከተማችን ኖሩ። ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ። ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥልን። እኔ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣሁ። እጄን ለሜጋፎኑ ዘረጋሁ።

አቶ ታፈሰ አልሰጡኝም። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ሌላ ወረቀት አወጡ።

«አሁን ደግሞ» አሉ፣ «የመምህራችንን የሀገር ፍቅር የሚገልጽ ግጥም እናሰማለን።»

አንድ ሰከንድ ደስ አለኝ። ራሳቸው ሊያነቡልኝ ነው ብዬ። ከዚያ ጀመሩ፦

ተራራሽ ኩራቴ፣ ወንዝሽ መድኃኒቴ፣
ስሞት አንቺን ጠርቶ ይዘጋል አንደበቴ።
አንቺን ብዬ ኖርኩኝ፣ አንቺን ብዬ አልፋለሁ፣
ከአፈርሽ ተፈጥሬ አፈርሽን እለብሳለሁ።

ይህን ግጥም አውቀዋለሁ! ባለፈው ጥቅምት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሲቀበሩ ተነቧል። ከዚያ በፊት ለጎረቤታችን ለነርሷ ተነቧል። ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ የእድሩ ነው። ምናልባት እናንተም ሰፈር አለ። የትኛው ተራራ? የትኛው ወንዝ? የለም። ስም የለውም። የቡልጋ ሰው የቡልጋን ተራራ ያስገባበታል፣ የነገሌ ሰው የራሱን ሐይቅ ያስገባበታል፤ ለሁሉ ይሆናል።

«ይህ የአባቴ አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ።

ሰው ዞረ።

«የአባቴ አይደለም! አባቴ ይህን አልጻፈም! አቶ ታፈሰ!»

ወዲያው ሴቶቹ መጡ። ሁለቱ በብብቴ ያዙኝ፣ አንዷ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጠበቀችልኝ። «አይዞሽ፣ አይዞሽ የእኔ እናት። ሐዘን ነው፣ እንዲህ ያናግራል።»

«ሐዘን አይደለም! ልቀቁኝ! ግጥሙ እዚህ ነው!» ብዬ ስልኬን አነሣሁ።

«ስልኳን ተቀበሏት፣ ይወድቅባታል» አለች አንዷ። ተቀብላ ጡቷ ሥር ወሸቀችው። ከልቧ አዝናልኝ ነው የወሸቀችው፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ላማት እንኳ የማልችለው።

ስልክ ከሌለ በቃሌ እለዋለሁ አልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ባለኝ ድምፅ፣ በዚያ መድረክ ላይ አዳራሽ በምሞላበት ድምፅ፣ «አፈር አታምጡልኝ ከደጋ ተጭኖ!» አልኩ።

«ወይኔ! ሙሾ እያወረደች ነው!» አለች አንዲት አሮጊት፤ ደረቷን መታች። ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሉኝ። ሁለተኛውን ስንኝ ስል ዋይታው በረታ። ሦስተኛውን ስል የራሴን ድምፅ ራሴ አልሰማሁትም። እያንዳንዱን ስንኝ በለቅሶ ተቀበሉኝ፣ አጀቡኝ፣ ዋጡኝ። ከመቂና ከአቦምሳ የመጡት ተማሪዎቹ ከዳር ቆመው መሀረባቸውን ዓይናቸው ላይ ይዘው፣ ልጃቸው ተጎዳች እያሉ አዘኑልኝ። አባቴ አምሳ ዓመት ያቆየው መልስ እንዲህ ሆኖ ነው የተነገረው። ማንም አልሰማውም።

ቀና ስል አጎቴ ደምሴ ጉድጓዱ አፋፍ ቆመው ፌስታሉን ይፈታሉ። አፈሩን እየዘገኑ በተኑ። ኤሱማ አጠገባቸው ቆሟል። እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል፤ በሜጋፎን የሚነበበውን የአቶ ታፈሰን ግጥም እየሰማ ነው። አጎቴ ፌስታሉን ወደ እሱ ዘረጉለት። ኤሱማ እጁን አገባና ዘግኖ በተነ። ከዚያ ተቃቀፉ። ግቢው በሙሉ አለቀሰ። እኔ በሁለት ሴቶች ተይዤ ያን አየሁ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ንፍሮ ይበላሉ። ስቀርብ ቦታ ለቀቁልኝ።

«ይህ ነው ግጥም» አለኝ ኤሱማ። «ይህ እያለ ምነው ያንን አነበብሽልኝ?»

«ተራራሽ ኩራቴ ሲል» አሉ አጎቴ ደምሴ፣ «ልጅ ሆነን ከብት የጠበቅንበት ተራራ ነው የታየኝ። አልረሳንም ለካ! በቴሌግራም ላኪልኝ።»

አቶ ታፈሰን ከድንኳኑ ውጪ አገኘኋቸው። ያልኳቸውን ሁሉ እዚህ አልጽፍም፤ በእድሜ አባቴ ናቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

«የእሳቸው ነው አላልኩም» አሉ በመጨረሻ። «የሀገር ፍቅራቸውን የሚገልጽ ነው ያልኩት።»

«ሁሉም የእሱ ነው ብሎ ሄደ እኮ!»

«እሱንስ አውቃለሁ። ግን ዛሬ እዚያ ጉድጓድ ላይ ሰው ሲፈነካከት ልይ? እናትሽን እዚያ መሃል ልያት? ይህ ግጥም ስንቱን ሰው በሰላም እንደቀበረ አታውቂም። ብትፈልጊ ስደቢኝ።»

አስቀድሜ ሰድቤያቸው ስለነበር ትቻቸው ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ሰልስቱ ወጥቶ ዘመድ ወደየአገሩ ተመለሰ። ቤቱ ጭር ሲል ከሰዓት በኋላ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ አባዬ የጻፈው ይህ ነው» አልኩና ሙሉውን አነበብኩላት። ቢያንስ አንድ ሰው ይስማው። ከነአፈሩ፣ ከነሸለቆው፣ ከነትንኙ። አንድ ስንኝ አልቀነስኩም። እያለቀሰች ሰማችኝ፤ አንዳንዱ ጋ ፈገግ አለች፣ ድምፁ የታሰባት ይመስለኛል።

«እሱ ነው» አለች። «ራሱ ነው። ቁጭ ብሎ ያወራኝ መሰለኝ።»

«ታዲያ ይህን አንቀው ቀበሩት እኮ፣ እማዬ!»

ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

«ልጄ፣ ያኛው ይሻል ነበር» አለችኝ። «ያኛው ሰው አላጣላብኝም። ወንድሜና ወንድሙ ከአንድ ሳህን ሲበሉ አየሁ። እኔ ደግሞ ገና በሕይወት አለሁ፣ እዚሁ ነው የምኖረው።»

እግዜር ያሳያችሁ! ለአቶ ታፈሰ መልስ ነበረኝ፤ ለአጎቶቼ መልስ ነበረኝ። ለእሷ ግን ምን ልበላት? ግጥሙ ውስጥ ያለችው ሚስቱ፣ ሸለቆው ውስጥ ያለችው እሷ፣ ዕድሜዋን አብራው የኖረችው እሷ፣ እሷም ያንን መረጠች። ተነሥቼ ወጥቼ የቆሸሹትን የእድር ሳህኖች አጠብኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ አልወጣሁም። እምቢ ብዬ አኩርፌ አይደለም። አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ የአንድ መሥሪያ ቤት በዓል ላይ ሊያስነብቡኝ ደውለው፣ ተቀምጬ የድሮ ግጥሞቼን ሳገላብጥ ሁሉም የአቶ ታፈሰ ግጥም ሆነው አገኘኋቸው። ሲያጨበጭቡልኝ የኖሩት ለዚህ ነበር። ተራራ አለ፣ ስም የለውም። ወንዝ አለ፣ ማንም አይጠጣበትም። ማንም ስለማይኖርበት ማንም አይጣላበትም። አባቴ የእውነቱን ሀገር ስም እየጠራ ስለጻፈ ቀብሩ ላይ እንኳ ቦታ አጣ። ሀገር እንወዳለን ስንል የምንወደው ያንን ስም የሌለውን ነው ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ እስካሁን ግን ያረመኝ የለም። ስለ ሀገር ግጥም ስጡን ሲሉኝ አሁን የለኝም እላለሁ።

ለሙት ዓመቱ አጎቴ ደምሴና ኤሱማ ተስማምተው የመቃብር ድንጋይ አሠሩለት። ጥቁር እብነ በረድ ነው፤ የአባቴ ስም አለበት፣ ከሥሩም ተራራሽ ኩራቴ፣ ወንዝሽ መድኃኒቴ ተብሎ ተቀርጾበታል። ሳይነግሩኝ ነው ያሠሩት፤ ደስ ይላታል ብለው። ተማሪዎቹ ፎቶ እያነሡ የመምህራችን ግጥም እያሉ ይለጥፉታል።

አጎቶቼ እስከ ዛሬ በየበዓሉ ይደዋወላሉ። ከዚያ ወደ እኛ ይደውላሉ፤ እናቴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ አንዱን በአማርኛ፣ ሌላውን በኦሮምኛ እየሳቀች ታወራቸዋለች። ያቺን ግጥም ሁለቱም በቃላቸው ይዘዋታል፤ ይሉላታል። እኔ ያን ጊዜ በረንዳው ላይ ወጥቼ እነሱ እስኪጨርሱ እቀመጣለሁ።